ከልብ መፈለግ

መዘዞ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የራሱን አጥር እንኳ ማየት ይቸግረዋል። ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚዘልቀው መንገድ በሚያቋርጠው በዚህ ደጋ፣ በስተምሥራቅ ያለው ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ይፋት አለ። ከቆላው የተነሣው ጉም ሽቅብ ይወጣና ገብሱንም በጉንም ጎጆውንም አንድ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ማለዳ ውሻው የጠፋበት ሰው የሚፈልገው በጆሮው ነው። ስሙን ይጠራል፣ ቆሞ ያዳምጣል፣ ጥቂት ይራመድና ደግሞ ይጠራል።

መንገደኛ ያገኘዋል። "ምን ጠፋብህ ወንድሜ?" ይለዋል። "በሬ ነው" ቢለው መንገደኛው ዱላውን ተደግፎ ይቆማል፤ ቀለሙን ይጠይቃል፣ ቀንዱን ይጠይቃል፣ በየት በኩል ሊሄድ እንደሚችል ያመለክታል። "ውሻዬ ነው" ሲለው ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ "ተወው፣ ራሱ ይመጣል" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሌላው "ለውሻ ብለህ ነው እንዲህ የምትንከራተት?" ይላል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ትልቅ የሃይማኖት ጥያቄ አለ። ሥጋው የማይበላ፣ ቤተ መቅደስ የማይገባ፣ ስሙ ለስድብ የዋለ ፍጡር ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ የሚፈልገው ሰው ግዴታውን እየተወጣ ነው ወይስ ቀኑን እያባከነ?

መልሱን ከኦሪት መጀመር ይቻላል። ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድሙን በሬ ወይም በግ ባዝኖ ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ እንዳያልፍ ያዝዛል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም ካልታወቀ፣ ያገኘው ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ እስኪፈለግ ድረስ ማቆየት፣ ፈላጊው ሲመጣም መመለስ አለበት። ዘጸአት ምዕራፍ 23 ከዚህም ይጠብቃል፤ የጠፋው የጠላት በሬ ወይም አህያ ቢሆን እንኳ መመለሱ ግድ ነው። በሬ፣ በግ፣ አህያ ተጠርተዋል። ውሻ አልተጠራም። የዘዳግሙ ትእዛዝ ግን ዝርዝሩን ሲጨርስ ልብስንም፣ ከወንድም የጠፋን ማናቸውንም ነገር ይጨምራል። ነጠላ እንኳ ለባለቤቱ እንዲመለስ ከታዘዘ፣ ጌታውን ከሩቅ በጠረኑ የሚለይ፣ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን የሚያቆም ፍጡር ከነጠላ በታች ሊቆጠር አይችልም።

የሀገሩም አሮጌ ሥርዓት የጠፋን ነገር ፍለጋ ለባለቤቱ ብቻ አይተወውም ነበር። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ አካባቢው በአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ወሬው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ከሥራው ተነጥሎ ይቀመጣል። ዛሬም በገጠር ከብት የጠፋበት ሰው ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ ቀን ያስነግራል። ውሻ ጠፋኝ ብሎ ለማስነገር ግን ሰው ያፍራል። ያ እፍረት ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

የመጣው ርኩሰት ከሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውሻ ወደ መቅደስ አይገባም። ዘዳግም 23 የውሻ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ብዙ የመጽሐፍ ተመራማሪዎች እዚያ ቦታ ላይ "ውሻ" የተባለው በጣዖት ቤት የሚያመነዝር ሰው ነው ቢሉም፣ የቃሉ ጥላ በእንስሳው ላይ ቀርቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ የፊልጵስዩስን ምእመናን ከክፉ ሠራተኞች ሲያስጠነቅቅ ውሾች ብሎ ጠርቷቸዋል። በዮሐንስ ራእይ ማብቂያም ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ከሚቀሩት መካከል ውሾች ይገኛሉ።

ከገደሉ በታች፣ በይፋት የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤትም ውሻን የሚያየው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ዓይን ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ሆኖም መንጋ የሚጠብቅ፣ የሚያድን ወይም እርሻ የሚጠብቅ ውሻ ማኖር ተፈቅዷል። ይኸው ሃይማኖት ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም ባሰፈሩት ሐዲስ ስለ አንዲት አመንዝራ ሴት ይናገራል። ሴትዮዋ በጥማት ሊሞት የደረሰ ውሻ በጉድጓድ ዙሪያ ሲዞር አየች፤ ጫማዋን በራስ መሸፈኛዋ አስራ ውኃ ቀዳችለት፤ በዚህም ኃጢአቷ ተሰረየላት። የውሻው ምራቅ ዕቃን ያረክሳል ያለ ሃይማኖት፣ ውሻውን ያጠጣች ሴት ከኃጢአት እንደነጻች መሰከረ። ሁለቱ ትምህርቶች አይጣሉም። አንዱ ስለ ዕቃ ነው፣ ሌላው ስለ ልብ ነው።

በቁርኣን የዋሻው ምዕራፍ፣ በሱረቱል ከህፍ፣ ከአማኞቹ ወጣቶች ጋር የነበረው ውሻ የተቀመጠበትን ቦታ ማስተዋል ይገባል። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። የመዘዞ ውሻም ቦታው ያው ነው። ከቤት አይገባም፣ ከቤትም አይርቅም፤ ደጃፍ ላይ ይተኛል። በዚህ ጽሑፍ እይታ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለውሻ ደጃፍን ሰጡት፤ ደጃፍ ደግሞ የቤት አካል ነው። ወደ ውስጥ አትገባም የተባለ ፍጡር ከጥበቃ ውጭ ነህ አልተባለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ያደባልቃቸዋል፤ ከመቅደስ መከልከሉን ከምሕረት እንደ መከልከል ይቆጥረዋል። ስሕተቱ ይህ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስንም ሌላ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ አድርጋ በምትቀበለው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ወጣቱ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮ ይወጣል፤ ሲመለሱም አብሮ ይመለሳል። ታሪኩ ውሻው ምን እንደሠራ አይናገርም፤ ሲሄዱም ሲመለሱም አብሯቸው መሆኑን ብቻ ይናገራል። ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል የሚያከብር ምእመን መልአኩ ከውሻ ጋር መንገድ እንደሄደ ማስታወስ ይችላል። በሉቃስ ወንጌል ባለጠጋው ዞር ብሎ ያላየውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው። ከነናዊቷ ሴት ከጌቶቻቸው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ስለሚበሉት ቡችሎች ስትናገር ጌታ እምነቷን አደነቀ፤ ልጇም ዳነች።

ኅዳር 25 ቀን የሚታሰበው የቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይደንቃል። በስንክሳሩ ገጻቸው እንደ ውሻ የሆነ ሁለት ፍጡራን የሰማዕቱን አያት በጫካ በሉት። አባቱንም ሊበሉ ሲሉ መልአክ በእሳት ከበባቸው፤ ከዚያ በኋላ ገርተው ከቤተ ሰቡ ጋር ኖሩ። አያቱን የበሉ ፍጡራን ቤት ከገቡ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረት የጠበቀ ውሻ ወደ ቤቱ እንዲመለስ መፈለጉ እንዴት ይበዛበታል?

ግእዝ ውሻን "ከልብ" ይለዋል። አማርኛ ያንኑ ፊደል በሌላ ንባብ "ከልብ መነጨ" ሲል ይጠቀምበታል። ሁለቱ ቃላት በሥር አይዛመዱም፤ በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። "ከልብ ፈለገ" የሚለው ሐረግ በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሸሽቶ ማለፍም አይገባም። ኦሪት እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ያዝዛል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ይህን ትእዛዝ ይጠቅስና እግዚአብሔር የሚገደው ለበሬ ነውን ብሎ ይጠይቃል፤ የተጻፈውስ ስለ እኛ ነው ይላል። እንግዲህ እግዚአብሔር ለበሬ እንኳ ካልገደደው ለውሻ እንዴት ይገደዋል? ይህን የሚል ሰው ግን ጾመ ነነዌን ማስታወስ አለበት። ምእመኑ ሦስት ቀን በሚጾምበት በዚያ ጾም መሠረት በሆነው በትንቢተ ዮናስ፣ የነነዌ ንጉሥ ያወጀው ጾም ለሰው ብቻ አልነበረም፤ ከብቱም በጉም እንዳይቀምሱ ታዝዟል። በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ እግዚአብሔር ለዮናስ የከተማይቱን ሰዎች ብዛት ከነገረው በኋላ እንስሶቿንም ይጨምራል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ስለ እንስሳት ነው። ጳውሎስ ከበሬው ትእዛዝ ለአገልጋይ የሚገባውን ደመወዝ አወጣ፤ ትእዛዙን ግን አልሻረም። መጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅን ለእንስሳው ነፍስ በመራራቱ ይለየዋል።

ስለ ጠፋው በግ የተነገረው ምሳሌ በሀገራችን የአንድምታ ትርጓሜ የተለየ ስፋት አለው። ሊቃውንቱ ዘጠና ዘጠኙን በጎች ነገደ መላእክት ይሏቸዋል፤ መቶኛው የጠፋው አዳም ነው። እረኛው ወደ ምድር የወረደው ያን አንዱን ፍለጋ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ የሰው ቦታ የጠፊው ቦታ ነው። ከመላእክት አጠገብ ሲቆም ምን ያህል ያነሰ፣ ምን ያህል የረከሰ እንደሆነ እያወቀ ተፈልጎ የተገኘ ፍጡር፣ ከእርሱ ያነሰውን ፍለጋ ሲወጣ የማይገባ ሥራ እየሠራ ነው ማለት ይከብዳል።

በዓል ቢሆንስ? መዘዞ ላይ በወሩ ውስጥ ሞፈር የማይነካባቸው ብዙ ቀኖች አሉ። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በግ እንደሚወጣ ወንጌል ተናግሯል። ፍለጋ እርሻ አይደለም።

የውሻ ዘመድ የሆነን አንድ የሀገራችንን ፍጡር ታሪክ ማንሣት እዚህ ይጠቅማል። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥይት እግሩ የተሰበረ ቀይ ቀበሮ ተገኘ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው። የተጎዳ የዱር አውሬ ሲገኝ ተፈጥሮ የወሰነችውን ትወስን ብሎ መተው የተለመደ ነው። ይህን ቀበሮ የሰበረችው ግን ተፈጥሮ አልነበረችም፤ የሰው ጥይት ነው። ባለሙያዎቹም ወስነው ያዙት፣ በተራራው ላይ መጠለያ አበጁለት፣ አከሙት፣ መገቡት። ስሙን "ተረፈ" አሉት። ከ51 ቀን በኋላ የት እንዳለ የሚጠቁም መሣሪያ በአንገቱ አስረው ወደ ሜዳው ለቀቁት። ተይዞ፣ ታክሞ ወደ ዱር የተመለሰ የመጀመሪያው ቀይ ቀበሮ ነው።

የተረፈ ታሪክ ስለ ጠፋ ውሻ የሚነግረን ነገር አለ። ግዴታው የመጣው ከእንስሳው ዋጋ ሳይሆን የሰው እጅ ከነካው ነገር ነው። ውሻም እንዲሁ ነው። ሰው ከቡችልነቱ ከእናቱ ለይቶ አመጣው፣ ስም አወጣለት፣ ለምግቡ የሰው እጅ እንዲያይ አደረገው፣ ሌሊት ከጅብና ከነብር ፊት አቆመው። ራሱን ችሎ እንዳይኖር ያደረገውን ፍጡር በጠፋ ጊዜ "ራሱ ይምጣ" ማለት ውለታ መካድ ነው።

የፍለጋው ግዴታ ለውሻው ብቻ አይደለም፤ ለሌላውም ነው። ከመዘዞ ወደ መንዝ በሚወስደው አቅጣጫ የጓሳ ምድር አለ። መንዞች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ይኖሩበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው ከቤት ውሻ ነው። በ1995 መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በባሌ ተራሮች የዌብ ሸለቆ በሽታው ከገባ በኋላ ከዚያው ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ባለቤት ያልፈለገው፣ ያልተከተበ አንድ ውሻ እንዲህ ያለ እሳት ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሰውም አይቀርለትም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ ሳለች፣ በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ በውሾቿ መካከል ወረርሽኙ ተነሥቶ ነበር። ኦሪት ተዋጊ መሆኑ የታወቀ በሬ ሳይጠበቅ ሰው ቢገድል ባለቤቱን ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። መጽሐፉና ሕጉ በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ይላሉ፤ ውሻህ ሲጠፋ ኃላፊነትህ አብሮ አልጠፋም።

ፍለጋው ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ጥበብም አለው። የደነገጠ ውሻ፣ ነጎድጓድ ወይም የጥይት ድምፅ ያባረረው፣ ጌታው ሲጠራው እንኳ ላይወጣ ይችላል። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ይንቀሳቀሳል። ሲታይ ማባረር ይበልጥ ያሸሸዋል። የሚሻለው ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ፊትን ወደ ጎን መመለስ፣ በለሆሳስ ስሙን መጥራት፣ ቁራሽ ወርውሮ መጠበቅ ነው። በመጨረሻ በታየበት ቦታ ጌታው ያደረበትን ባና ወይም ጋቢ ትቶ መሄድም ይረዳል። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ያሉት ጠረን የሚለዩ ሕዋሳት እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ የሰው 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ጉሙ ለሰው የሸፈነውን መንገድ ጠረኑ ለውሻው ይገልጥለታል። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው እረኞች ናቸው፤ በሜዳው ላይ አዲስ ነገር ሲያልፍ ከእነርሱ ዓይን አያመልጥም። ከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የገበያው ዳር፣ የመኪና መንገዱ ይታያል።

ሲገኝስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የደከመ ባለቤት ውሻው እየተሽቆጠቆጠ ሲቀርበው በበትር ይቀበለዋል። ውሻው ዱላውን ከመጥፋቱ ጋር አያያይዘውም፤ ከመመለሱ ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛ ሲጠፋ አይመለስም። ስለ ጠፋው ልጅ በተነገረው ምሳሌ አባትየው ልጁን ገና ከሩቅ አይቶ ሮጠ፣ አንገቱንም አቀፈው፤ ልጁ ያዘጋጀውን የይቅርታ ንግግር እንኳ አላስጨረሰውም። ይህ የመቀበል ሥርዓት ለውሻም ይሠራል። ውኃ መስጠት፣ ማብላት፣ ማሰር፣ ከዚያም በሰውነቱ ላይ ንክሻ መኖሩን መመልከት። ተነክሶ ከሆነ ባዶ እጅን ከምራቁና ከቁስሉ ማራቅ፣ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት፣ ጠባዩ መለወጡን ለብዙ ሳምንታት መከታተል ያስፈልጋል። ሰው ከነከሰ ደግሞ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምራል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ክትባቱን መተው የለበትም፤ እምነትና መርፌ አይጣሉም።

አሁን ወደዚያ መንገደኛ እንመለስ። መዘዞ ላይ፣ ጣርማበር ላይ ወይም ሌላ የትም ስፍራ በአንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ያለው ውሻ ግራ ተጋብቶ መንገድ ዳር ቆሞ ብታዩ፣ የሰው መሆኑን እወቁ። አትውገሩት። አፉን ሳትነኩ ከሩቅ ውኃ አኑሩለት፣ በየት በኩል እንደሄደ አስተውሉ፣ ለእረኞቹ ንገሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ ቀን ሳታፍሩ አስነግሩ። ውሻው የጠፋበት ሰው ሲጠይቃችሁም ለበሬው እንደምትቆሙለት ሁሉ ቁሙለት፤ ቀለሙን ጠይቁት።